ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ዝጊ

እሁድ ከሰዓት በጀማይዜ ለተሰበሰቡ እህቶች የተደረገ ንግግር

እህቶቼ፣ በሳምንት አንድ ቀን በምታገኙት እረፍት ልብስ ማጠቡንና ወደ ቤተሰብ መደወሉን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መውጫ ፈቃድ አጥታችሁ ያልመጣችሁም፣ ይህን ወረቀት ከጓደኛ ተቀብላችሁ ስታነቡት ከእኛ ጋር እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት።

ከዚህ በፊት ስለ ኮንትራት፣ ገንዘብ ስለ መላክ፣ ስለ ጤና ተነጋግረናል። ዛሬ የማወራው ስለ ውሃ ነው። «ስለ ውሃ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትል አትጠፋም። እኔን ግን በዚህ ከተማ የሁለት ወር ደመወዜን የወሰደብኝ ሌባ አይደለም፤ ውሃ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቤሩት ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እዚሁ ጀማይዜ፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ እሠራ ነበር። አንድ ምሽት የልጆቹን ሱሪ ልዘፈዝፍ ብዬ የመታጠቢያ ገንዳውን በውታፉ ደፈንኩና ቧንቧውን ከፈትኩ። ቧንቧው ሳል ሳል አለ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ዝም አለ። ውሃ የለም። ማዳም ከሳሎን ስትጠራኝ ሱሪውን ገንዳው ውስጥ ጥዬ ሄድኩ። ቧንቧውን አልዘጋሁትም፤ ውሃ የሌለው ቧንቧ ክፍት ይሁን ዝግ ምን ለውጥ አለው?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሽንት ተነስቼ እግሬን መሬት ሳሳርፍ ውሃ ረገጥኩ። ሮጬ ወደ ሐማም ሄድኩ። ቧንቧውን ልዝጋው ብል እጀታው ዝም ብሎ ይዞራል፤ ጥርሱ አልቋል። ባሊ አነሳሁ። ከገንዳው እየቀዳሁ ሽንት ቤት ውስጥ መድፋት ጀመርኩ። ማዳምን ለመቀስቀስ ፈራሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እያለቀስኩ ቀዳሁ። በኋላ ማዳም ድምፅ ሰምታ ተነሳች፣ ምንም ሳትናገር ወደ ማድ ቤት ገባች፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን የቁም ሳጥን በር ከፈተች፣ እጇን አስገብታ አንድ ነገር አዞረች። ውሃው ቆመ።

በአንድ እጅ ነው የቆመው እህቶቼ። ያንን ቁም ሳጥን በቀን አሥር ጊዜ እከፍተው ነበር፤ ሳሙናውን የማስቀምጠው እዚያ ነው። ከሳሙናው ጀርባ ያለችው ትንሽ ቀይ እጀታ ምን እንደሆነች ግን ጠይቄ አላውቅም።

የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ራሰ፣ ልስኑ ወደቀ። የሁለት ወር ደመወዝ ተያዘብኝ። በማግስቱ የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ለማዳም ብዙ ነገር ሲያስረዳ እኔ ቆሜ አያለሁ፤ ያኔ የማውቀው አረብኛ «ያላ» እና «ተዓይ» ነው። ደጋግሞ «ኪልስ፣ ኪልስ» ሲል ግን ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ነው የገባኝ። ኪልስ ማለት ኖራ ነው። ገንዳው ከላይ በኩል ትርፍ ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ አለው፤ እሱ በኖራ ተደፍኖ ነበር። ቧንቧውም ቀድሞ አርጅቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ ግን ይህን የምናገርበት ቃልም እውቀትም አልነበረኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት እናንተ ቃሉም እውቀቱም ሳይኖራችሁ እንዳትቀሩ ነው። ከዚህ በኋላ አንዲቷን እህቴን እንደማናግር «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። የቤሩት ውሃ አብዛኛው ከጄይታ ምንጭ ተነስቶ ድባዬ ላይ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ምንጩ ከኖራ ድንጋይ ተራራ ውስጥ ስለሚወጣ ኖራውን ይዞት ይመጣል፤ በማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የምታዪው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ውሃው ቀኑን ሙሉ አይመጣም፤ በሰዓት ነው የሚለቀቀው። በብዙ ሕንፃ መጀመሪያ ምድር ቤት ያለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሞተር ገፍቶ ሰገነት ላይ ወዳሉት ኸዛኖች ያወጣዋል፤ አገር ቤት ሮቶ የምንለው ማለት ነው። ከሰገነቱ በራሱ ክብደት ወደየቤቱ ይወርዳል። ሞተሩ መብራት ይፈልጋል። የመንግሥት መብራት ከሌለና ጄኔሬተሩም ከጠፋ ውሃው ምድር ቤት ይቀራል። በ2019 ከጀመረው የገንዘብ ቀውስ ወዲህ መብራቱም ውሃውም ምን ያህል እንደባሰበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጋ ላይ ደግሞ በቦቴ መኪና ውሃ ተገዝቶ ይሞላል።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ውሃ ሄዶ የሚመለስበትን ሰዓት የሚነግርሽ የለም። አንቺ ተኝተሽ ሳለ መብራት ይመጣል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ኸዛኑ ይሞላል፣ የተከፈተው ቧንቧ ይለቀዋል። አንድ ቧንቧ በደቂቃ አሥር ሊትር ያህል ቢያፈስ በግማሽ ሰዓት 300 ሊትር ነው፤ አሥራ አምስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሳሎን ውስጥ እንደ መድፋት ማለት ነው። ጎርፉ የሚጀምረው ውሃ ሲመጣ አይደለም። ውሃ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧውን ሳትዘጊ ዘወር ስትይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ቧንቧ ከፍተሽ ውሃ ካጣሽ፣ እጅሽ ከቧንቧው ሳይነሳ መልሰሽ ዝጊው። ብዙዎቻችን ውሃ ሲመጣ እንድንሰማ ብለን ቧንቧ ከፍተን ባሊ ከሥሩ እናስቀምጣለን። ይህን ተይው። ከፈለግሽ በየሰዓቱ ከፍተሽ አይተሽ ዝጊ፤ ወይም ናቱሩን ጠይቂው። ውታፍ ደግሞ በገንዳም በእቃ ማጠቢያም ላይ ጥለሽ አትሂጂ። ቤተሰቡ በጋ ወደ ተራራ ሲወጣና ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ዋናው መዝጊያ ይዘጋ ዘንድ ማዳምን አስታውሺያት።

ሁለተኛው ኸዛኑ ነው። በውስጡ በክንድ ላይ የተያዘ ኳስ አለ። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ተንሳፎ ክንዱን ያነሳል፣ ክንዱም የመግቢያውን አፍ ይዘጋል። ኳሱ ተሰንጥቆ ውሃ ከገባበት አይንሳፈፍም። አፉ ላይ ኖራ ወይም አሸዋ ከተቀመጠ አይገጥምም። ምልክቱ ይኸውና፦ ሞተሩ ሳይቋረጥ ይጮኻል፣ ከሰገነት በግድግዳ ላይ ውሃ ይወርዳል። በእጅ ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሱት ውሃው ከቆመ ችግሩ ኳሱ ነው፤ ካልቆመ አፉ ነው። ይህን የሚያየው ግን ናቱሩ ወይም ቧንቧ ሠራተኛው ነው። አንቺ ሞተሩን አጥፊና ጥሪ። ሰገነት ላይ ብቻሽን በጨለማ አትውጪ፣ ባልኮን አጥር ላይ አትቁሚ። «ውጪና እዪው» ቢሉሽም «ናቱሩ ይምጣ» በይ። የፈሰሰ ውሃ ይደርቃል፤ የወደቀ ሰው ግን እንደ ውሃ አይደለም።

በአንዳንድ አሮጌ ቤት ከሐማሙ በላይ ባለ ቆጥ ውስጥም ትንሽ ኸዛን አለ። የሐማምሽ ጣሪያ ቢጫ ከሆነ ወይም ቀለሙ ካበጠ እሱን ጠርጥሪ። ዛሬውኑ ተናገሪ።

ሦስተኛው ሽንት ቤቱ ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው ልክ እንደ ኸዛኑ ይሠራል፤ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው። ሌሊት ሲንሾካሾክ ከሰማሽው ውሃ እያመለጠ ነው። ለማረጋገጥ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጠቆር ያለ ሻይ ጠብ አድርጊና ሳትለቂው ሩብ ሰዓት ጠብቂ። ቀለሙ ታች ከታየ ከሥር ያለው ጎማ አይገጥምም ማለት ነው። ውሃ ለቀሽ ደግሞ ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ ከወጣ፣ በድንጋጤ ሁለተኛ አትልቀቂ። ጎርፉን የሚያመጣው ሁለተኛው ነው። ከጎኑ ግድግዳ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አዙሪ፣ ውሃው እስኪወርድ ጠብቂ፣ ከዚያ በጎማ መግፊያው ቀስ እያልሽ ግፊ። እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት «ይሟሟል» ተብሎ ቢጻፍበትም ወደ ቅርጫት ነው።

አራተኛው የወለሉ መውረጃ፣ ባሉዓው ነው። እኛ በየቀኑ በውሃ ነው የምናጥበው፤ ፀጉር፣ የዛፍ ቅጠል፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የልጅ መጫወቻ ሁሉ እዚያ ይገባል። በሳምንት አንድ ቀን ክዳኑን አንሺ፣ ውስጥ ያለውን ኩባያ መሰል ነገር አውጥተሽ እጠቢ፣ መልሰሽ ግጠሚው። ሽታ እንዳይወጣ በውስጡ ትንሽ ውሃ መቅረት አለበት፤ አትጣዪው። የባልኮኑን ደግሞ ጥቅምት ሳይገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይመጣ አጽጂው። በጋውን የወደቀው አበባና አቧራ አፉን ከደፈነው፣ የክረምቱ ዶፍ በባልኮኑ በር ሥር ገብቶ ምንጣፉ ላይ ነው የሚቆመው።

አምስተኛው ማድ ቤቱና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ናቸው። የተጠበሰበትን ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪው እንጂ ቧንቧ ውስጥ አትድፊው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ምግቡን ይይዛል። የማሽኑ የቆሻሻ ውሃ ቱቦ ገንዳ ጠርዝ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ከሆነ በገመድ እሰሪው፤ ውሃውን በኃይል ሲተፋ ዘሎ ይወጣል። ማሽኑ እየሠራ ከቤት አትውጪ። ሲጨርስ የማሽኑን ቧንቧ ዝጊ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ደመወዛችሁን የሚያድነው ይህ ነው። ውሃ ሲመለስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከምልክቱ ይታወቃል። አንድ መውረጃ ብቻ ከዘገየ መዘጋቱ እዚያው አጠገቡ ነው። የማድ ቤቱን ስታፈሺ በሐማሙ ባሉዓ ከወጣ፣ ሁለቱ ከተገናኙበት በኋላ ያለው ቧንቧ ተዘግቷል። አንቺ ምንም ውሃ ሳትከፍቺ ከባሉዓው እየፈላ ከወጣ ግን፣ የሚወጣው የላይኛው ጎረቤት ውሃ ነው፤ የተዘጋው የሕንፃው ዋና መውረጃ ነው። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ያን ጊዜ ቧንቧዎችሽን ሁሉ ዝግ መሆናቸውን ለማዳም አሳያት፣ ናቱሩን ጥሪ፣ ላይኞቹ ውሃ እንዳያፈሱ ንገሩ። በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 2020፣ የወደቡ ፍንዳታ ይህን ሰፈር እንዴት እንዳደረገው አይታችኋል። ከዚያ ወዲህ የተጠገኑ ቤቶች ውስጥ አዲስ ፕላስቲክ ከአሮጌ ብረት ጋር የተቀጠለበት ሞልቷል። መስኮቱና ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ቧንቧው አዲስ ነው ማለት አይደለም።

ጎርፉ ከደረሰብሽ ቅደም ተከተሉን አትርሺ። መጀመሪያ መብራት። ውሃው ሶኬት፣ ገመድ ወይም ማሽን አጠገብ ከደረሰ አትግቢበት። ደርቆ ካለ ቦታ ሆነሽ፣ እጅሽን አድርቀሽ፣ ዲጆንክተሩን አውርጂ። መብራት ጠፍቷል ብለሽ አትመኚ፤ ጄኔሬተሩ በማንኛውም ሰዓት ይነሳል። ሁለተኛ፣ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጊ። ሦስተኛ፣ ሰውን ቀስቅሺ። እኔ በፍርሃት ያጠፋሁት ግማሽ ሰዓት የታችኛውን ጣሪያ ጣለው። ቁጣው አይቀርም፤ ጉዳቱ ግን ያንሳል። አራተኛ፣ የባሉዓውን ክዳን አንሺ፣ ፎጣ ጠቅልለሽ የሳሎኑን በር ሥር ዝጊ፣ ምንጣፉን አንሺ። ከዚያ መጥረጉ ይደርሳል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተዘጋ መውረጃ ሊከፍት ብላችሁ ክሎርን፣ ማለትም በረኪናን፣ አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። አንዱን ጨምራችሁ ካልሠራ ሌላውን በላዩ አትጨምሩ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ መስኮት በሌለው ሐማም ውስጥ ሊገድል ይችላል። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ፣ ካሳላችሁ፣ ሁሉን ጥላችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፣ ሰው ጥሩ፣ ተመልሳችሁ አትግቡ። ማዳም «አብረሽ ጨምሪው» ብትልም «ሰም» በሏት፤ መርዝ ነው።

ለችግር ጊዜ የሚሆኑ ጥቂት ቃላትም ያዙ። «ዌን ብትትሰከር ል-ማይ?» ማለት ውሃው የሚዘጋው የት ነው? ማለት ነው። «ል-ባሉዓ መስዱዴ» መውረጃው ተዘግቷል። «ል-ኸዛን ዓም ይፊድ» ኸዛኑ እየሞላ እየፈሰሰ ነው። «ማ ፈተሕት ማይ» ውሃ አልከፈትኩም። ይህችን የመጨረሻዋን በደንብ ያዙልኝ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ። በፈረንጆቹ 1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጎናል። ስለዚህ ለራሳችን የመጀመሪያ ምስክር መሆን ያለብን እኛው ነን። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ እጀታ ሲላላ፣ ጣሪያ ሲረጥብ በዚያው ቀን ለማዳም ተናገሪ፤ ከተቻለ በስልክ መልእክት ከፎቶ ጋር ላኪላት፣ ቀኑ እንዲቀር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ጎርፉ ከደረሰም መሬቱን ከመጥረግሽ በፊት ውሃው የሚወጣበትን ቦታ በስልክሽ ቅረጪ። ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ አጠገቡ ቁሚ፣ «ሹ ሰበብ?» ብለሽ ምክንያቱን ጠይቂ። የጠፋው ያንቺ ከሆነም አትዋሺ፤ «ቧንቧውን ረስቻለሁ፣ ግን ማፍሰሻው ቀድሞ ተደፍኗል» ማለት ከዝምታ ይሻላል። እኔ ዝም ብዬ ነው የከፈልኩት።

ለዛሬ ማታ አንድ ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ቤት ስትገቡ፣ ማዳምን አስፈቅዳችሁ የቤቱን ዋና የውሃ መዝጊያ ፈልጉ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከሐማሙ በር ጀርባ፣ ወይም ከመግቢያው በር ውጭ ሊሆን ይችላል። አዙራችሁ ዝጉት፤ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው መቆሙን እዩ፤ መልሳችሁ ክፈቱት። በኖራ ተይዞ እንቢ ካለ በኃይል አትስበሩት፤ ለማዳም ንገሯት፤ ዛሬ በቀን ብርሃን እንቢ ያለ መዝጊያ በሌሊት አይታዘዝም። አዲስ የመጣች እህት ስታገኙም፣ የአውቶቡሱን ቁጥርና የስልክ ካርዱን ከማሳየታችሁ በፊት ይህን አሳዩአት።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግማሽ ሰዓት ላፍስ ሞክሬ አይቼዋለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ሳይፈስ የምትዘጋው ትንሿ እጀታ ግን በእጃችን ናት።

በሰላም ግቡ፤ በሚቀጥለው እሁድ በደህና ያገናኘን።